ደረቅ ሣር የደረሳት ጥንቸል

ልጅ ሳለሁ፣ ከሐርቡ ወረድ ብሎ ባለው ቆላ፣ ማሽላው ራስ ማውጣት ሲጀምር የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ይማም ከቤቱ ወጥቶ እርሻው መሀል ማማ ላይ ይከርም ነበር። ማማው በአራት ባላ ላይ የተረበረበ አልጋ መሳይ ነገር ነው። ቀን ቀን ወፉንና ዝንጀሮውን በወንጭፍ ያባርራል፤ ሲመሽ ደግሞ ከርከሮና ጃርት እንዳይደፍሩት ከማማው ሥር እሳት ያነዳል። እራቱን ይዘን የምንሄደው እኔና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ነበርን። ስንደርስ ያኔ ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው፤ አያ ይማም መግሪብ ሰግዶ አጎዛውን ሲያጥፍ እናገኘዋለን።

ለእራቱ አይቸኩልም። መጀመሪያ ለእኛ እሸት ይጠብስልናል። የማሽላውን ራስ ፍሙ ላይ ያገላብጠውና፣ ትኩስ ትኩሱን በሻካራ መዳፉ አሽቶ፣ እብቁን እፍ ብሎ፣ ፍሬውን እጃችን ላይ ያፈስልናል። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር፤ ግን ማንም ቦታውን አይለቅም፤ ቦታ የለቀቀ ተረቱን ከሩቅ ነዋ የሚሰማው። ኩራዟን ባላው ላይ ያንጠለጥላታል፤ ነፋስ ባወዛወዛት ቁጥር የአገዳው ጥላ አብሮ ይወዛወዛል፤ ያኔ ለእኔ ማሽላው በሙሉ ተረት ሊሰማ እየተጠጋ ይመስለኝ ነበር።

አያ ይማም ቀን ላይ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። «እደሩ»፣ «ዋሉ»፣ በቃ። ሲመሽ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከነገረን ተረት አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ የጥንቸሊትን ግን ጊዜም ባሕርም አላስረሳኝም።

በዱሮ ዘመን እንስሳት ሁሉ ቀለባቸውን እንዲቀበሉ ተጠሩ አሉ። አንበሳ ሥጋ ደረሰው፤ ወፍ ጥሬ ደረሳት፤ ንብ አበባ፤ ዝንጀሮ ደግሞ (ይህን ሲል በወንጭፉ ወደ ጨለማው ያመለክታል) የይማም ልፋት ደረሰው። ጥንቸሊት ግልገሎቿን አስተኝታ ስትመጣ ቀለቡ አልቆ ኖሯል። የቀረው ሁሉም የረጋገጠው ደረቅ ሣር ብቻ ነው። አለቀሰች። ያኔ፣ «አታልቅሺ፤ ደረቅ ሣር የደረሰው ሦስት ነገር ይመረቅለታል» ተባለች፤ የማያልቅ ጥርስ፣ የማያርፍ መንጋጋ፣ አንዱን እራት ሁለት ጊዜ የሚያበስል ሆድ።

እዚህ ላይ ትልቋ ልጁ ዘሀራ ሁልጊዜ ታቋርጠዋለች።

«አባ፣ እራት እንዴት ሁለቴ ይበስላል?»

«አንዴ ከምድር ትበላዋለች፤ አንዴ ከራሷ።»

«ከራሷ ከየቷ?»

«ከኋላዋ።»

በሳቅ እንንከባለላለን። አያ ይማም አይስቅም። እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ «ሳቁ፣ ሳቁ» ይለናል፤ «የፈጣሪን ሥራ ያወቃችሁ ዕለት ሳቁ ይለቃችኋል።»

ጥንቸሊት ግን የተመረቀላትን ናቀችው። ደረቅ ሣር የድሃ ነው ብላ ግልገሎቿን አስከትላ የሰው ጎተራ ገባች። ጠዋት እህል፣ ማታ እህል። ወፈረች፤ ያያት ሁሉ «አማረብሽ» አላት። ከዕለታት አንድ ቀን መንጋጋዋ ቆመ። አያ ይማም እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል። «ጥንቸል ስትታመም እንደ በግ አትጮህም፣ እንደ ውሻ አታለቅስም። ዝም ነው የምትለው። ዝም ያለች ጥንቸል እየሄደች ነው።» ግልገሎቿ ጆሮዋን ይዘው፣ እየጎተቱ፣ ሜዳ አወጧትና ደረቁን ሣር አፏ ላይ አስነኳት። የተረቱን ማብቂያ በቃል አይነግረንም ነበር። ጥርሱን በጥርሱ ላይ ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅሰዋል፤ ክርት፣ ክርት፣ ክርት። እኛም ዳነች ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

አንድ ምሽት ይህንኑ ሲያሰማን ቆይቶ አፉን ዘጋ፤ ድምፁ ግን አልቆመም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ቀስ ብለን ዞር ስንል፣ የእሳቱ ብርሃን ከጨለማው በሚገናኝበት ቦታ ላይ እውነተኛ ጥንቸል ቁጭ ብላ ነበር፤ ብርሃኑ ጆሮዎቿን አልፎ ሲያበራቸው ቀጫጭን የደም ሥሮቿ ይታዩ ነበር፤ ማሽላው ከጎኗ በእሸት ተንዠርግጎ ቆሞ እሷ ግን ከሥሩ የደረቀውን ሣር እየነጨች፣ ዓይኗን ከእኛ ሳትነቅል፣ ታኝክ ነበር። አያ ይማም ከሹክሹክታ ባነሰ ድምፅ «ሱብሐነላህ» አለ። ያኔ የሰባት ወይ የስምንት ዓመት ልጅ ብሆን ነው፤ ያ ቃል ከመድረሳ ከለመድኩት ሁሉ ተለይቶ እዚያው ልቤ ላይ ቀረ።

ከዚያ አደግሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተማርኩ፤ ከዚያ ስደቱ መጣ። ሪያድ ሰው ቤት ብዙ ዘመን ከሠራሁ በኋላ ሰይድን አገባሁ፤ እሱ ከከተማው ዳር ሱለይ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራል። አላህ ሐያትን ሰጠን። ከባጥሐ ገበያ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ የመናዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ ግብጻዊው፣ ሁሉም በየበሩ ጫማውን ደርድሮ በሚኖርበት፣ አንድ ክፍልና ሳሎን ይዘን እንኖራለን። ተረት ለሐያት አልነገርኳትም ነበር። ስልኩ ይነግራታል ብዬ ይሆናል፣ ወይም ሥራው፤ እንጃ።

ጥንቸሏ የመጣችልን ባለፈው ክረምት ነው። ከላያችን ያሉት ግብጻውያን አገራቸው ሊገቡ ሆነና፣ የሐያት እኩያ የሆነችው ልጃቸው መርየም ነጭ ጥንቸሏን ከነሽቦ ቤቷ ታቅፋ በራችን ላይ ቆመች። «ቁጥና ትባላለች» አለች። በዐረብኛ ጥጥ ማለት ነው፤ ጥጥም ነበረች። «አማና ናት» አለቻት ለሐያት፣ እንባዋ እየወረደ። ሐያትም ትንሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ «አማና» ብላ ተቀበለች። አማና ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ የሰው አደራ ተራራ ያልደፈረው ሸክም ነው።

መርየም ከጥንቸሏ ጋር ትልቅ ከረጢት ደረቅ ሣር ትታልን ነበር። እኛ ጉዝጓዝ መስሎን ከሥሯ ነሰነስንላት። ሲያልቅ ጋዜጣ አነጠፍን።

ቀለቧ ደግሞ ሌላ ሆነ። በዚህ አገር ዳቦ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም። ኒዕማ፣ የአላህ ጸጋ ነው፤ በሌላ ፌስታል ተቋጥሮ በር ላይ ይንጠለጠላል፣ ለከብት የሚወስድ ይወስደዋል። እኛም አገር ቁራሽ መሬት ላይ ከወደቀ አንስተን ስመን ከፍ ያለ ቦታ ነው የምናስቀምጠው። እናም ቁጥና መጣች ሲባል ሕንፃው ሁሉ ለተረፈው ኒዕማ ቦታ ያገኘ መሰለው። የመናዊቷ ትኩስ ዳቦዋን፣ ፓኪስታናዊቷ ሩዟን፣ ሌላው ቴምሩን፣ «ኡም ሐያት፣ ለቁጥና!» እያለ፣ በልጄ ስም እየጠራኝ፣ በር ያንኳኳል። ከሰደቃ ቆጥረውት ነው። እኔም ከሻይ የተረፈውን ዳቦ እሰጣት ነበር፤ ስትበላ ማየት ደስ ይለኛል፤ የሚበላን ፍጥረት ማየት የማይወድ እናት የለማ። ወፈረች። ሁሉም ማሻአላህ አለ። ሰይድ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ «ይቺ ሴትዮ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት፣ ከእኔ በላይ ኖረች» ይል ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ መግሪብ ሰግጄ ስነሳ ሐያት ጠራችኝ።

«እማ፣ ቁጥና ቴምር እምቢ አለች።»

«ጠግባ ነው።»

«ጠዋትም እምቢ ብላለች።»

ሄጄ አየኋት። ጥግ ላይ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ተቀምጣለች። ጋዜጣው ላይ በጠጥ የለም፤ አንዲትም። ዳቦውን አስጠጋሁላት፤ ፊቷን አዞረች። ተንበርክኬ ጆሮዬን ወደ ሽቦው አስጠጋሁ። አስፋልቱ ላይ መኪና ያልፋል፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ከእሷ ዘንድ ግን ምንም። ያኔ ነው የአያ ይማም ድምፅ፣ ያ ዝቅ ያለው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጆሮዬ ውስጥ የተናገረው። ዝም ያለች ጥንቸል እየሄደች ነው።

ሐያት ፊቴን አይታ ገባት። «አማና ናት እኮ እማ! መርየምን ምን እላታለሁ?»

እራት አቀረብኩ፤ ሳህኑን ገፋችው። «እሷ ካልበላች አልበላም።» ልጄን አውቃታለሁ፤ ካለች አለች ነው።

ሰይድ ከሱለይ ሲመጣ አቧራው እንኳን ከቅንድቡ አልተራገፈም። «ለጥንቸል ሐኪም? የሐያት እናት፣ ለእኔ ጥርስ እንኳን ስንት ወር ታገሥ ብለሽኛል» አለ እየሳቀ። ከዚያ ሐያትን አያት። ከሽቦ ቤቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሳቁን ተወው። «ያላ፣ ተነሱ» አለና የጓደኛውን መኪና ሊለምን ወረደ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሸምገል ያለ ሱዳናዊ ነው፤ ጥንቸሏን ሲያነሣ እጁ አይቸኩልም። «ምን ትበላለች?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ያላጓደልን መሆናችንን ላሳይ ብዬ ቆጠርኩለት፤ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ቴምር፣ ኬክም አንዳንዴ።

ዓይኑን ጨፈነ። «ያ ኡም ሐያት፣ ይህ እኮ የሠርግ ግብዣ ነው። ሙሽራው የት አለ?» ሰይድ ሳቀ፤ እኔ አልቻልኩም።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ነቅሎ የሐያት ጆሮ ላይ አደረገላት። «ምን ትሰሚያለሽ?» «ምንም።» ማዳመጫውን ወደ ሐያት ሆድ አዞረው። ዓይኗ ፈጠጠ፤ «ይጮኻል!» «የአንቺ ወፍጮ ይፈጫል። የእሷ ቆሟል። ዳቦና ቴምር ወፍጮዋን አያንቀሳቅሰውም፤ ውስጧ ተቀምጦ ይቦካል። የጥንቸልን ሆድ የሚገፋው ቃጫ ያለው ነገር ነው፤ ደረቅ ሣር።»

እያከማት ያስረዳን ጀመር፤ መርፌ ወጋት፣ ሆዷን በሁለት ጣቱ አሻሸው። ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ማደጉን አያቆምም አለ፤ ሣር እያኘከች ካልሞረደችው አድጎ አድጎ ጉንጯን ይወጋታል። እኔ ይህን ስሰማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ቀጠለ፤ ሌሊትና ንጋት ላይ ከሆዷ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ ነገር ይወጣል፣ እሱን ከራሷ ተቀብላ መልሳ ትበላዋለች፤ የመጀመሪያው ዙር ያላወጣውን ጉልበት ሁለተኛው ያወጣዋል፤ ካልበላችው ትጎዳለች።

«አስቀያሚ!» አለች ሐያት።

እኔ ግን በልቤ እቆጥር ነበር። የማያልቅ ጥርስ። የማያርፍ መንጋጋ። ሁለት ጊዜ የሚያበስል ሆድ። ይህ ሰው ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ በዐረብኛ፣ በመብራት ጎርፍ ውስጥ ቆሞ፣ ያንኑ የማማ ሥር ተረት ይነግረኛል። አያ ይማም ከየት ሰማው? ሌሊቱን ሙሉ ማሽላ ሲጠብቅ በዓይኑ አይቶ ይሆን? ከሌላ እሳት ዳር ሌላ ሽማግሌ ነግሮት ይሆን? አላውቅም፤ ዛሬ የምጠይቀው የለም፤ አላህ ይዘንለት። ያኔ በሳቅ የተንከባለልንበት ነገር ግን እውነት ነበር፤ ሳቁም እሱ እንዳለው ለቀቀኝ።

ሰይድ፣ «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ምንም። ሱብሐነላህ ነው።»

ሐኪሙ ስንወጣ ነገሩን ለሐያት ነው ያስረከባት፤ ባለአደራዋን አውቋታል። «ሣር እንደ አየር ነው፤ ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይታጣ። ብርሲም የሚሉት አልፋልፋ አይደለም፤ ብርሲም ለግልገል ነው፣ ለትልቅ ይከብዳል። ከዳነች በኋላ ቅጠል ቀስ በቀስ፤ ጀርጂር፣ ድንብላል፣ በቅዱኒስ፣ አንድ እፍኝ እየቀያየርሽ። ፍሬ ፍሬው የፋብሪካ መኖ ማንኪያ ብቻ። ውኃ ሁልጊዜ።»

«ካሮትስ? በሥዕል ላይ ሁልጊዜ ካሮት ነው የምትበላው።»

«ሥዕሉን የሣለው ሰው ጥንቸል አላሳደገም። ካሮት ከረሜላዋ ነው። አንቺ ከረሜላ ለምሳ ይሰጥሻል?»

«አይሰጡኝም» አለች ሐያት፣ ወደ እኔ በቅሬታ እያየች።

አንድ ከረጢት ሣርና በሲሪንጅ የምንሰጣትን ቀጭን ገንፎ መሳይ ነገር ይዘን ተመለስን። እኔ ይዣት ሰይድ በጉንጯ በኩል ጠብ ጠብ አደረገላት፤ ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ሣሩን ግን አልነካችውም። ሐያትም ጭማቂ እንኳን አልቀመሰችም። ከሽቦ ቤቱ አጠገብ ፍራሿን አነጠፍኩላትና፣ የኮሪደሩ መብራት ብቻ እየገባልን፣ ስለ ማማው፣ ስለ እሸቱ፣ ስለ አያ ይማም፣ ደረቅ ሣር ስለ ደረሳት ጥንቸሊት ነገርኳት። ተረት ስነግራት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ማብቂያው ላይ ስደርስ ጥርሴን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ዳነች እንድል አፌ አልታዘዘም፤ ያልሆነውን ለልጅ እንዴት ይነገራል? ደግነቱ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ለጥንቸል ዱዓ ይደረግ አይደረግ እንጃ፤ ግን አደረግሁ። የፈጠራት ያውቃታል ብዬ።

ፈጅር ሰግጄ፣ ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ሳለ፣ አንድ ሰበዝ ሣር መርጬ በሽቦው ቀዳዳ ያዝኩላት። ምንም። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት። አንድም የምጠብቀው ነገር አልነበረም፤ እጄን ለመመለስ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ከዚያ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጣቴ ላይ ተሰማኝ፤ ሣሩ ተሳበ። በጣም ቀስ ያለ ነገር ነው፣ ክር የሚስብ ሕፃን ያህል። ግን ከወዲያ በኩል አንድ ነፍስ ይዞታል። ሳበችው፣ እኔም ለቀቅኩላት፣ ሰበዙ እያጠረ፣ እያጠረ አፏ ውስጥ ገባ። ደረቅ፣ ቢጫ፣ በእግራችን ረግጠን የምናልፈው ነገር ነው፤ እሷ ውስጥ ሲገባ ሙቀት ይሆናል፣ ነጭ ጸጉር ይሆናል፣ የሚመታ ልብ ይሆናል። አልቅሼ ኖሯል፤ አላወቅኩትም።

ረፈድ ሲል ጋዜጣው ላይ ሦስት አራት ጥቁር በጠጥ ወደቀ። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ። ሰይድ ፊቱን ሳይታጠብ ሮጦ መጣ፤ አየና፣ «ሪያድ ስኖር ለበጠጥ እልል ሲባል ዛሬ ገና ሰማሁ» አለ። ግን እሱም ጎንበስ ብሎ አያት፤ ዓይኑ ሲረጥብ አይቼዋለሁ።

ሐያት በጩኸታችን ነቃች። ፀጉሯ ተንጨባሮ፣ አንድ ዓይኗን ከፍታ፣ ቁጥና ሁለተኛውን ሰበዝ ስታኝክ ብዙ አየቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ራበኝ።»

ሰይድ በዚያው ሰሞን አንድ ሙሉ እስር ሣር ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ የአገር ልጆች «ወንድሜ፣ በግ ገዛህ እንዴ?» እያሉ ሳቁበት። ዳቦውን በር ላይ ማንጠልጠል ጀመርን። ለጎረቤቶቻችንም ሐያት በየበሩ እየሄደች፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ዳቦ ለእሷ በሽታ ነው፤ ጀርጂር ካላችሁ ግን እሺ» ብላ አስረዳች። ማንም አልተቀየመም፤ የመናዊቷ በማግስቱ ጀርጂር አመጣች።

ከዚያ ማማ ሥር ምን ቀረኝ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። እንደ እኔ ያለች ብዙ ያልተማረች ሴት ስለ ፈጣሪ ሥራ ስትናገር ቃል ያጥራታል። የማውቀው ይህን ነው፤ ለእያንዳንዱ ነፍስ የተሰፈረለት አለ፣ ያ የተሰፈረለት በእኛ ዓይን ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ በማዕዳችን ያለውን ሁሉ ከማካፈል በፊት የእንግዳችን ቀለብ ምን እንደሆነ መጠየቅም ሰደቃ ነው። አሁን ቤታችን በሣር ተሞልቷል፤ ምንጣፉ ላይ፣ የሐያት ደብተር ውስጥ፣ የሰይድ ካልሲ ላይ። ብጠርገው አያልቅም። ትናንት ዐስር ሰግጄ ከመስገጃው ቀና ስል ሐያት ፊቴን አይታ ሳቀች፤ እጇን ሰደድ አድርጋ ግንባሬ ላይ የተጣበቀውን የሣር ሰበዝ ነቀለችና፣ እፍ ብላ፣ ለቁጥና ሰጠቻት።